ብሉ እንጂ

ብሉ እንጂ! ምነው ኮራችሁ?
ገና ሳይነጋ ሦስቴ መጣሁላችሁ።

ትሪሻል ገበያ፣ ሐጂ ሞክሌስ የመኖ መደብር፣
ስሜ ተጽፏል በዱቤ መዝገብ፣ በቀይ እስክሪብቶ መስመር፦
«ሞኖዋራ፣ የቶፋዛል ሚስት፣ አሥራ አንድ ጆንያ፣
ሰባራ ታካ አልከፈለችም ከጎርፉ ወዲያ።»
ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ የሚል ሰው አለ፤
ከእኔ ኩሬ ግን ዕዳ ነው፣ ጭራውን እየቆላ ብቅ ያለ።

ጆንያው ውስጥስ ምን ነበር? የባሕር ዓሣ፣ ጣት የማያህል፣
እናቴ በቃሪያ የምትጠብሰው፣ ለስምንት አፍ የሚከፋፈል።
ዛሬ እሱ እኛ ዘንድ አይደርስም፣
ወፍጮው ይቀድመናል፤
ለዓሣ ዓሣ ሲፈጭ፣ ልጄ ዓሣ አትቀምስም።
እናንተን ላደልብ ጎኔ ሳሳ፣
ኪሴም ሳሳ፤ አሳሳኝ፣ አሳሳኝ ይሄ ዓሣ።
ቶፋዛል ያጠለቀልኝን ቀለበት ሸጥኩ ለአንድ ወር ቀለብ።
እሱ ቺታጎንግ ነው፣ የሞተ መርከብ ይፈታል፤
ሲደውል ስለ ጣቴ አልነግረውም። ምን ያደርግለታል?

ጁሙር ናት፣ ልጄ፣ መላውን ያመጣችልኝ፤
ምስር የሚያህለውን ተንሳፋፊ ቅጠል በወንፊት ቀድታ አሳየችኝ፣
«ዳክዬ የሚበላውን ዓሣ ምን ቆርጦት ይንቃል?» አለችኝ።
መልስ አጣሁ።
ከዘይት መጭመቂያው የሰናፍጭ ፋጉሎ ለምኜ መጣሁ፣
ከሩዝ ፈታጊው ፉርሽካ፣ ሊደፋው ሲል ደርሼ አመጣሁ።
ፋጉሎውን ሦስት ሌሊት ዘፈዘፍኩት ምሬቱ እንዲወጣ
(የመጀመሪያው ውኃ እጄን ለበለበው፤ አቤት የሰናፍጭ ቁጣ!)
የካሳቫ ቅጠል ከትፌ፣ በፀሐይ አድርቄ፣
ሁሉን ባንድ ለውሼ፣ በመዳፌ አድቦልቡዬ፣ አሮጌ አጎበር ላይ አስጥቼ፣ ከቁራ ጠብቄ፣

ይኸው አቀረብኩ። እናንተ ግን
አንደኛው ቀን፣ በአፍንጫ ነክታችሁ ተመለሳችሁ።
ሁለተኛው ቀን፣ ምን ጉድ ነው? ጾም ያዛችሁ?
አማቼ ከማዶ፣ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ፦
«ሣር የሚግጥ ዓሣ! ነገ ደግሞ ወተት ይለቁ!»

አልፈርድባችሁም። እኔም በጎርፉ ጊዜ የእርዳታ ስንዴ
«አልለመድኩትም» ብዬ ሁለት ቀን ፊት ነስቻለሁ፤
በሦስተኛው ግን ድስቱን ሳይቀር ልሻለሁ።

ዛሬ ሦስተኛ ቀን ነው።

ቆይ! አንዷ መጣች፤ ግንባሯ ላይ ጠባሳ ያለባት፣
ከንፈሯን አወጣች፣ ጎረሰች፤ ውኃው ላይ ቀረ ክብ ምልክት።
ቀለበቴን ሰጥቼ ቀለብ ገዝቼ ነበር፤
ዛሬ ቀለብ ሰጥቼ ቀለበት ተቀበልኩ፣
ጣት የማይዘው፣ ሐጂ ሞክሌስ የማይመዝነው።
ከዚያ ሌላ ቀለበት፣ ከዚያም ሌላ፣
ዝናብ የጀመረ መስሎኝ ወደ ሰማይ አየሁ።

ዕዳው አለ። እናንተም ዘግይታችሁ ትደርሱ ይሆናል፤
ይሁን፣ የዘገየም ይበላል።
ጁሙር፣
ወንፊቱን አምጪው።