ሆደ ሰፊ

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት፤
ቱሉ ዲምቱ ዳር፣ ከብሎክ ሰባ ሥር፣ ከደረጃው ፊት።
የተቀደደውን እሰፋለሁ፣
የጠበበውን አሰፋለሁ።

«አንጀቴ ተቆረጠ» ስል ኖሬ ለትንሹ ለትልቁ፣
መብራት በሄደ ቁጥር፣ ክር በተወደደ ቁጥር፣
ባለ ዱቤዎቼ በሌላ መንገድ ሲርቁ፣
ቃሉ ሰምቶኝ ኖሯል መሰል፣
አንድ ሌሊት በነሐሴ መጣ፣ «ስትጠራኝ ነበር» ሊል።
ዝናቡ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
አንጀቴ እንደ እርጥብ አንሶላ ይጠመዘዛል።

ዶክተር ለሊሴ ወጣት ናት፤ ጣቷ ቀጭን፣ ንግግሯ አጭር።
«ጠቁሯል፤ ይቆረጣል። ጤነኛውን ከጤነኛው እናያይዛለን፣ በስቴፕለር።»

ስቴፕለር?
እኔ የማውቀው የወረዳውን ነው፣
ጉርድ ፎቶዬን ግንባሬ ላይ የወጋው፤
እስካሁን ዶሴ ውስጥ አለሁ፣ ሽቦው ዝጎ፣
ቡናማ መስመር ከቅንድቤ እስከ አገጬ አድርጎ።

«የኛው አይዝግም» አለች። «ግን እዚህ አልቋል።
ከውጭ ይገዛል።» ዓይናዲስ ዋጋውን ስትሰማ
ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል።

እኔ በመርፌ ደንዝዤ ነበር፤ በኋላ ነው የሰማሁት፤
ሲንጀሬን፣ የእግሩን፣ ቀበቶው ገና አዲሱን፣ በሌሊት ሸምሱ ጋ ወሰዱት፤
በባጃጅ፣ ጭንቅላቱን እንደ ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው።
ጉድጓድ ላይ ሲነጥሩ መንኮራኩሩ ብቻውን ይዞር ነበር አሉ፣
የሚሰፋ መስሎት ነው።

ልጄ እዮስያስ ብሩን ካልሲው ውስጥ ከቶ ከሳሪስ እስከ ለገሃር፣
ስድስት ፋርማሲ «የለም» ብሎት፣ በሰባተኛው አገኘ
የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር።

ራጁ ላይ አሳየችኝ። እዚህ ጋ በሙያ ልናገር፦
በክር ሲሆን መርፌ ይገባል፣ ይወጣል፣ ቋጠሮ ይቋጠራል፤
ይህ ግን በአንድ ጭመቃ፣ ጠቅ፣ ረድፉን ሁሉ ይተክላል፤
እያንዳንዷ ሽቦ ጎንበስ ብላ እግሯን ወደ ውስጥ ታጥፋለች፣
ጠባብ አልጋ ላይ እንደተኛች ልጅ ጉልበቷን ታቅፋለች።
መሐል ለመሐል ስለት ያልፋል፤ ሁለት ረድፍ ወዲህ፣ ሁለት ረድፍ ወዲያ።
ቀጥ ያለ ስፌት! ቅናት ያዘኝ፣ ከቁስሌ በላይ፣ የሙያ።

«አንቺም ሰፊ ነሽ» አልኳት። «ሆድ ሰፊ።» ሳቀች፤
«ሆደ ሰፊስ እርስዎ» ብላ ቁስሌን በፋሻ ሸፈነች።

«ሽቦው መቼ ይወጣል?»
«አይወጣም። አብሮዎት ይኖራል።»

ቤት ስገባ ጥጉ ባዶ፤ አራት የእግር ምልክት ሲሚንቶው ላይ።
ዓይናዲስ እንባዋ መጣ፣ እኔ ባዶውን ሳይ።
እጇን ወስጄ ከጠባሳዬ በላይ አስቀመጥኩት፤
«የትም አልሄደ» አልኳት፣ «ውስጥ ነው ያስገባሁት።»

ከበረንዳው ቁጭ ብዬ ከተማውን አየዋለሁ።
ትናንት ጤፍ የነበረው ዛሬ ብሎክ ነው፤
ሰፋ፣ እውነት ነው ሰፋ፤ ግን ማን ሰፋው?
አስፋልቱ የኡርጌሳ ሽምብራ ጋ ሲደርስ ቆሟል፣
ጠርዙ እንዳልተዘመዘመ ጨርቅ ተተርትሯል፤
ማሳውንና መንደሩን ያያያዘ
አንድ የሽቦ አጥር ብቻ፣ እሱም የወየበ፣ እሱም የፈዘዘ።

ትናንት ወረዳ ስሄድ ፈታሹ ያንን ዱላውን በሆዴ ላይ አሳለፈ፤
እንዲጮህ ጠበቅኩ። «ሲንጀሬ ነው» ልለው።
ዝም ብሎ አለፈ።

አሁን በእጄ እሰፋለሁ። ቀስ ይላል። ወገብ ይፈጃል።
ሽቦዎቼ ሲበርድ ይታወቁኛል ብል ዶክተሯ «አይሰማም» ትላለች፤
እሷ ሰፋች እንጂ መች ለብሳዋለች?

«ሰፊ አለ?» አለች ቢፍቱ ከደረጃው፣ ዩኒፎርሟ ብብቱ ላይ ተተርትሮ።
«አለ» አልኳት፣ የክሩን ጫፍ በምራቄ አርጥቤ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ መርፌው ወደ መብራቱ ዞሮ።