የተመለሰ ሰሃን

መስኮቷ ጠባብ ናት፤ ፊት አታሳይም፣
እጅ ነው የሚመጣው፣ እጅና ሰሃን፣
ከኋላው ሌላ እጅ፣ ሌላ ትርፍራፊ፣
ከቀኑ አምስት ሰዓት እስከ ሰባት ተኩል፣
ጎተንበርግ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ጓዳ።

ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ልጆቹን በስም አላውቅም፣
በሚተዉት ነው እንጂ።
አተር እየለቀመ የሚያስቀር አለ፤ ግድ የለም፣ ነገ ይበላዋል።
ዓሣ የሚጠላ አለ፤ አባቱም ይጠላ ይሆናል።
ልጅ ሆኖ ያልተነጫነጨ ማን አለ?

እኔን የሚያስፈራኝ ጥንቃቄ ነው።
አንዱን ድንች አሥራ ስድስት ቦታ የከፈለ እጅ፣
እንደ ወርቅ አንጥረኛ፣ በሚዛን፣
ከዚያ በሰሃኑ ዙሪያ የበተነ፣
የተበላ እንዲመስል።
ከሰላጣ ቅጠል ሥር የተቀበረ ሥጋ፣
በናፕኪን ተገንዞ ብርጭቆ ውስጥ የገባ ቁራሽ።
ስንት መቃብር አጠብኩ መሰላችሁ
ሐሙስ ሐሙስ፣ ፓንኬክ በሚወጣበት ቀን።

አንዷን ከጥፍሯ ለየኋት፣ ጥግ ጥጉ ሰማያዊ፣
በሰኔ ፀሐይ እንኳ የሚበርደው።
አንዱ ደግሞ ዳቦ አይነካም፤ ዶሮ ብቻ፣ ሦስቴ፣ አራቴ፣
ደረቱን እንደ በር ሊያሰፋ።
አንድ ቀን ድምፁ በመስኮቷ ገባ፦
«ይሄ ስንት ግራም ነው?»
ምን ልበለው? እኔ ምግብ በጭልፋ ነው የማውቀው።

ለነርሷ ነገርኩ። ጻፈች። አመሰገነችኝ።
ማታ በትራም ስመለስ ልቤ ቀለል አለው፣
ለሰው ልጅ ደረስኩ ብዬ።
የኔዋ ትበላለች። የኔዋ ደኅና ናት።

የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!

በኅዳር ማለቂያ፣ በዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሲመሽ፣
የናርዶስን ሱሪ ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ
ናፕኪን አገኘሁ። ውስጡ የደረቀ ሩዝ፣
እኔ ያበሰልኩት፣ እኔ «በሞቴ» ብዬ የጨመርኩላት።
አገናነዙን አወቅሁት፤
ማእዘኑ ሁለቴ ታጥፏል።
የሉሲያን ነጭ ቀሚስ፣ ቀይ መቀነት ያለውን፣
አልለብስም ያለችኝ ለካ ብርዱን ፈርታ አልነበረም።

በነሐሴ ክርስትና ላይ እትዬ ዘርፌ መጥተው ነበር፣
ከስቶክሆልም፣ በባቡር፣ በሙሉ ደስታ፣
ጉንጯን ቆንጥጠው፦
«ወፈርሽ! እሰይ እሰይ! ወዝሽ መጣ፣ አማረብሽ፣
አምና አጥንት ነበርሽ፣ ዘንድሮ ሰው መሰልሽ!»
ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም አሜን አልኩ።
ልጄ አማርኛ ትሰማለች፣ እንዳትረሳ ብዬ አስተምሬያት፤
ቃሉ ደረሳት፣
ምርቃቱ መንገድ ላይ ቀረ።
ያችን አንድ ቃል በመስታወት ፊት ስንት ጊዜ አኘከቻት?
ከዚያ ወዲያ በቤቴ
የጠገበችው እሷን ብቻ ነው።

ያን ዕለት ማታ ራት አላቀረብኩም።
ናፕኪኑን ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ፣ ተቀመጥኩ።
አየችው። አየችኝ። ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።
ብዙ ዝም አልን፤ ፍሪጁ ብቻ ያጉረመርማል።
«እማ» አለች፣ «ትንሽ ሳለሁ
በሞቴ ስትዪኝ የምር የምትሞቺ ይመስለኝ ነበር።»
«ለዚያ ነበር የምትበዪው?»
«ለዚያ ነበር።»

በስንቱ ጉርሻ ሞቴን አስያዝኩ፤
የሷን ሞት ግን
አንድ ቀን በአፌ አልጠራሁትም።

አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣
ክሊኒክ እንሄዳለን፤ ጀርባዋን ለቁጥሩ ሰጥታ
ሚዛን ላይ ትወጣለች፤ ዓይኗ ያለው እኔ ላይ ነው።
ፊቴን እንዴት እንደማደርገው አላውቅም።
አንዳንድ ቀን ግማሽ ትበላለች።
አንዳንድ ቀን በሩን ትዘጋለች።
እትዬ ዘርፌ ደውለው ነበር፤ ነገርኳቸው።
አለቀሱና፣ «ታዲያ ምን ልበላት?» አሉኝ።
እኔም አላወቅሁም። «ስለ ባቡሩ አውሯት» አልኳቸው።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ሰማያዊዎቹ ጥፍሮች መጡ፣
ፓንኬኩ ሳይነካ፣ እንጆሪው በጠርዙ ተቀብቶ።
ዘጠኝ ዓመት ቆሜ የሠራሁባት መስኮት
ወገቤ ድረስ ናት፤ ጎንበስ አልኩ።
ፊት አላት። ጠቃጠቆ አለባት። ደነገጠች።
ስሟን ጠየቅኋት፣ ሌላ ምንም አልጨመርኩም።
«ቲልዳ» አለችኝ።
ሰሃኑ በመሃላችን ቆየ፤
እሷም አልለቀቀችው፣
እኔም አልሳብኩት።