የኮኪላ ቤን ስለት

ፒያሳ፣ ከሲኒማው ዝቅ ብሎ፣ ሠላሳ ዓመት ጨርቅ ለካሁ፤
በክንድም በሜትርም፤ ፖፕሊን፣ ቴትሮን፣ ከፋይ ቆረጥሁ።
ጃምናዳስ ሞቶ ሱቁ ለሚስቱ ሲቀር
መቀሱ ከእኔ ጋር፣ ቁልፉ ከእሷ ጋር ነበር።

የልጄ ልብ ቀዳዳ ነው፣ ህንድ አገር ይሂድ ተባለ።
እድሩ አዋጣ፣ ዘመድ አዋጣ፤ የጎደለውን እሷ ሞላች፤
ብሩን በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጥታኝ፣ ጓዳ ገባች፣
አፏ በሰም የታሸገ የናስ ማሰሮ ይዛ ወጣች።

«ማድራስ ትደርሳለህ» አለች። (ሐኪም ቤቱ ቼናይ ይላል፤
ለእሷ ግን ማድራስ ነው፤ ስም ሲቀየር ማን ይነግራታል?)
«ሌሊት የሚነሳ ባቡር አለ፣ ባህር ላይ የሚሄድ፤
ራሜስዋራም አድርስልኝ። ጉልበቴ አይችልም መንገድ።
ጃምናዳስ ከጋንጅስ የቀዳው ነው፤ እዚያ ድንጋዩ ላይ ይፈሳል።
ከባህሩ ዳር አሸዋ ታመጣለህ። በቃ። ስለቴ ይገባል።»

ስለት! ይህን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማ ደነገጥሁ።
ጃንጥላ፣ ጧፍ፣ መጋረጃ፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።
ለደሴት ድንጋይ ውሃ ማድረስ ለንስሐ አባት የማይነገር ነው።
አልነገርኋቸውም።

ማታ ማሰሮዋን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ነቀነቅሁ።
ድምፅ የለም።
ደግሜ ነቀነቅሁ።
አርባ ምናምን ዓመት ከካዝናው ጎን! የፒያሳ ደረቅ አየር
በሰሙ ስንጥቅ ገብቶ ሲጠጣት ኖሯል፣ አልሁ፤ ሌላ ምን ይኖር?

ለሴትዮዋ «ባዶ ነው» ልበላት?
ሌሊት ቧንቧው በፈረቃ መጣ፤ ተነሥቼ ሞላኋት፤
ከገፈርሳ የወረደ፣ ዝገት ዝገት የሚል፣ ክሎሪን የሚሸት።
በጧፍ ሰም አተምሁት። የሚካኤል ጧፍ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ልጄ ከቀዶ ጥገና በወጣ በስድስተኛው ቀን ለእናቱ ትቼው ሄድሁ።
ጎህ ሲቀድ ባቡሩ ቀስ አለ፤ በመስኮት ቁልቁል አየሁ፤
ሐዲድ እንጂ መሬት የለም፤ ግራ ቀኙ ባህር።
ፊት ለፊቴ ያለች አሮጊት ሳንቲም ወረወረች፤
እኔም አንድ ብር ወረወርሁ፣ አንበሳው እየተገለባበጠ ወረደ።

በሩ ላይ ጫማ ይወልቃል። ይህን ማንም አላስተማረኝም።
እጄ ሳላዘው ወደ ግንባሬ ሄደ፤ ግማሽ ላይ ያዝሁት፤
ከዚያ ተውሁት። አማተብሁ።
ሃያ ሁለት ጉድጓድ አለ ውስጡ፤ ከየጉድጓዱ በባልዲ ቀድተው
አናትህ ላይ ያፈሳሉ፤ ሕፃን ያለቅሳል፣ ሽማግሌ ይስቃል፤
እንጦጦ ጠበል ቤት ሰልፉ ሲገፋፋ እንደማውቀው።
ሰባተኛው ላይ ቆጠራው ጠፋብኝ። አንዱ ጨው ጨው ይላል።

ከዚያ አምዶች። አዳራሹን በክንዴ መለካት ጀመርሁ፣ ልማድ ነው፤
መቶ ሃምሳ ላይ ተውሁት፤ ጫፉ ገና ነው።
ድንጋዩ ወዳለበት ለእኔ ዓይነቱ አይፈቀድም፤ ጽሑፍ አለ።
ደረቱ የተራቆተ ቄስ (ቄስ ልበለው፣ ሌላ ስም አላውቅም) ማሰሮዋን ተቀበለ፤
ሰሙን በጥፍሩ ፈልቅቆ አሸተተ።
አየኝ።
ምንም ሳይል ወደ ጨለማው ገባ። ደወል ተደወለ።

ስመለስ የሱቁ ግንብ ቀይ ቀለም ተቀብቷል።
የጎረቤታችን የሰዓት ሠሪው ቤት አንድ ግድግዳ ቀርቶታል።
እሷ ከባንኮኒው ኋላ፣ ባዶ መደርደሪያ መሃል ተቀምጣለች፤
አሸዋውን በፌስታል ሰጠኋት፤ በሁለት እጇ ተቀበለች።
«ሲፈስ አየህ?»
«ደወሉን ሰማሁ።»
«ውሃው ምን ምን ይሸት ነበር?»
ዝም አልሁ።

«ሰባ ሰባት ላይ» አለች፣ «ቧንቧው ዘጠኝ ቀን ደርቆ፣ ሙኬሽ ሲያተኩስ
ሁሉንም ያጠጣሁት እኔ ነኝ። ሰሙን መልሼ አተምሁ። ጃምናዳስ አላወቀም።»

ታዲያ ለምን ላክሽኝ? ልል ነበር፤ ውጭ ግሬደሩ ተነሣ፤
መስታወቱ ተንቀጠቀጠ። እሷ አሸዋውን በጣቷ እያማሰለች
«መጠቅለያ ቁረጥልኝ» አለች።
ከመጨረሻው ጣቃ፣ ነጭ ፖፕሊን፣ አንድ ሜትር ለካሁ።
አራት ጣት ጨመርሁ፣ ለምርቃት።