አሥራ ሁለት ዓይነት ፀሐይ

ቅዳሜ ማታ ነው፤ ደሴ ጉም ለብሳለች፤
ጦይባ ከከሚሴ «ድምፅ ይሰማል?» አለች።
አራጋው ወልድያ፣ ቻርጁ እያነሰ፣
ብርቄ ሐይቅ ከተማ፣ ድምጿ እየፈረሰ፤
እኔ ሰኞ ገበያ፣ ከሱቁ ጀርባ ክፍል፣
ካርታውን ዘርግቼ ጨለማ ሳከፋፍል።

አገሩ ወሬ ነው፤ ወንዙ በቃል ፈልቆ፣
ሃያ ፊት ጠጠር ነው የሚዳኘን ወድቆ።
ሦስት ዓመት ተጉዘን ከብረት በር ደረስን፤
ቁልፉ የት እንደሆን አራታችን ረሳን።

ቁልፉን ያበጀው ሰው አንጥረኛ ነበር፣
ስሙም ፀሐይ ሠሪው፤ ቤቱ ከገደል ሥር።
እሱን የሚጫወት ይመር ነው፣ የባቲው፤
ከሄደ ዓመት ሞላው፤ ስልኩም ዝም ያለ ነው።

ዘጠና ሺህ መስመር አለ የጻፍነው።
መፈለጊያው ላይ ጻፍኩ፦ ፀሐይ ሠሪው።
ሁለት ተገኘ።
ሁለቱም የእኔ፤ ሁለቱም ከንቱ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። ይመር ፊደል አይመርጥም፣
ለጣቱ የቀረበውን ነው።
ዛሬ በንጉሡ ሠ፣ ነገ በእሳቱ ሰ፣
ሐመሩን በሀሌታ እያፈራረሰ።
ማሽኑ ግን መሪጌታ ነው፤ አንዲት ጭረት አይምርም፤
«ፀሐይ»ን ለሰጠው ሰው «ጸሃይ»ን አያመጣም።
ቆጠርኩ በጣቶቼ፦ ሁለት ፀ፣ ሦስት ሀ፣ ሁለት ሠ፤
(ራብዖቹን ሳልጨምር)
በአሥራ ሁለት ቦይ አንድ ስም ፈሰሰ።

ያን ሌሊት ኮድ ጻፍኩ።
ንጉሡን ከእሳቱ ባንድ ወንበር አኖርኩ፣
ሦስቱን ሀ አስታርቄ ጸሎትን ለፀሐይ ዳርኩ።
ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ዘውገ ቢያዩኝ አርጩሜ ይመዙ ነበር።

እጄ ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ጨመርኩበት፤
አራጋው ከዘንዶ ጋር እየታገለ «ዘይት ስንት ገባ?» ይላልና
ሁለት ከረጢት ሰፋሁ፤
አንዱን ለጨዋታ፣
አንዱን ለእውነት።
መስመሩ ሁሉ በየከረጢቱ ይግባ፤ ፈላጊ አይደናበር።

ነጋ። ደግሜ ፈለግሁ።
መቶ አርባ አንድ መስመር፣ ሁሉም በይመር እጅ።
ቁልፉስ ቀላል ነው፤ በመዶሻው እጀታ ውስጥ ኖሯል፤
መዶሻውን ብርቄ ሳታውቅ ተሸክማው ትዞራለች።

የመጨረሻው መስመር ግን፦

«ጸሃይ ሰሪው ሰኞ፣ ገበያው ሲበተን፣
ከጨው ጫኞች ጋራ ወደ ባሕር ይወርዳል፤
ምድጃው ይዳፈን።
ተራዬን አትዝለሉ። ጠጠሬን ሌላ ሰው እንዳይጥል።»

ያኔ ምን ብለን ነበር? ዝቅ ብዬ አነበብኩ።
አራጋው ሳቀ።
ብርቄ «ይመር፣ ተዋናይ ነህ እኮ!» አለች።
እኔ «ጠጠር ጣልና መንገዱን እንይ» አልኩ።
ከሃያው ፊት አራት ወጣለት።
«መንገዱ አልቀናህም» ብዬ ጽፌ አለፍኩ፤
ቀጥሎ ያለው መስመር ስለ ድልድይ ነው።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው።
ከባቲ ቁልቁል ቆላው፣
ከቆላው ማዶ ባሕሩ።
ይህን ለማወቅ ካርታ አያስፈልግም፤
ካርታ ዘርጊዋ ግን እኔ ነበርኩ።

አሁን የሠራሁት መሣሪያ ይጠይቀኛል፣
ያቺን መስመር ይዞ፣ ብልጭ ድርግም እያለ፦
ጨዋታ? እውነት?
ከረጢቶቹን የሰፋሁ እኔ፤
ሦስተኛ አልሰፋሁም።

ቅዳሜ ሲመጣ ብርቄ እጀታውን ሰብራ ቁልፉን አወጣች።
«እንክፈተው?» አለች።
«ቆይ» አልኳት።
ከተረኞቹ ዝርዝር፣ ከጦይባና ከአራጋው መሐል፣
ስሙን መለስኩት፤
በጸሎቱ ጸ፣ በእሳቱ ሰ፣
እሱ እንደጻፈው።