ሳይመሽ

ሐሙስ ማታ ጉባኤው ተሰብስቦ፣
ከጋራዡ ጀርባ፣ በቆርቆሮው ክፍል፣ በአሥራ ሁለት ወንበር ተከብቦ፣
«ቤተሰቡ ላልቷል» አሉ፤ «ሰንበት ከጸሎት ቤት አትወጣም፤
በሩን ስንቆልፍ እዚያው ትቀራለች፤ ተከትላን ቤት አትመጣም።
ቄስ መኳንንት ከደሴ የሚወርዱት በወር አንዴ፤
ታዲያ ሰንበት የምትገባው በወር አንዴ ነው እንዴ?»
ሥራው እኔ ላይ ወደቀ።
የሒሳብ ደብተር ስለምይዝ ይሆናል፤ ሌላ ምን ሙያዬ ታወቀ?

ሁለት ሁለት ሻማ ለየቤቱ፣
ቡራኬውን በኛው ፊደል ጽፌ፣ ከነትርጉሙ ከነሰዓቱ፣
ፌስታሌን አንጠልጥዬ አርብ ከምሳ በኋላ ከበርበሬ ወንዝ ጀመርኩ፤
በኮምቦልቻ ሙቀት ሻማው እንዳይጎብጥ፣ በጥላ በጥላ ዞርኩ።

አይናዲስ ከጨርቃ ጨርቁ ፈረቃ ገና መግባቷ ነው፤
ቅንድቧ ላይ ጥጥ አለ፤ ዓይኗ እንቅልፍ ነው የሚለምነው።
«ሻማ?» አለችኝ፤ «መብራት ሲጠፋ ነው እኔ የማውቀው።
ሰንበትን ከወደድክልኝ፣ ሂድና አለቃዬን ጠይቀው፤
የቅዳሜን ፈረቃ ይቀይርልኝ፤ ያን ጊዜ ሻማም አበራለሁ፤
ያን ጊዜ ዕብራይስጥ ቀርቶ፣ በፈለግከው ቋንቋ እባርካለሁ።»
ምን ልበላት? ወረቀቱ ላይ ስለ ፈረቃ አልተጻፈም።
ሁለቱን ሻማ ከመስኮቷ ደፍ አኖርኩ፤ ያኖሩት ነገር አይጠፋም።

ሰጠኝ ቤት ሚስቱ ብቻ፤ እሱ ጅቡቲ መንገድ ላይ ነው፤
ሚሌን አልፎ ደውሎ ነበር፤ ኔትወርኩ ነው ያቋረጠው።
«ሰንበትንም በመኪና ነው የሚያልፋት፤ እኔ ለማን ላብራ?»
ልጇ ግን ወረቀቱን ነጥቃኝ ማንበብ ጀመረች በተራ፤
«ባሩኽ አታ…» ስትል ፉጨቱ በወለቀው ጥርስ መውጫ፣
እናቲቱ ሳቀች፤ ሳበችልኝ መቀመጫ።

ጋሽ ጓዴ ዘንድ ስደርስ ፀሐይ ከጋራው ጫፍ ተካክላ፣
እሳቸው ምድጃው ላይ ውሃ ያፈሳሉ፣ በጥቁር ጣሳ፣ በችኮላ።
«እናቴ አርብ ሲመሽ» አሉ፣ «እሳት ታጠፋ ነበረ፤
ከኛ ቤት አንድ ፍም ተዳፍኖ አላደረ።
ጨለማ ውስጥ ነው ሰንበትን እንደ እንግዳ ያቀፍናት፤
አንተ ደግሞ ‹ለኩሱ› ትላለህ፤ ያቺኛዋን የት ጣልናት?»

ዝም አልኩ። ደብተሬ ለዚህ ዓምድ የለውም፤
የጠፋ እሳት ገቢ ይሁን ወጪ፣ አላውቀውም።
ሰዓቴን አየሁ፤ ለአሥራ ሁለት ሩብ ጉዳይ፤
ከቦርከና ማዶ ኮረብታው ቀልቷል፤ ጥቂት ነው የቀረው ፀሐይ።
ጣሳውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን ጠረጉ።
«አምጣው» አሉ። «ምድጃው እንደ እናቴ ይጥፋ፤ ሻማው እንደ ልጆቹ ይብራ፤
ብቻ ሳይመሽ! እሷ ደጅ ቆማ፣ እኛ ክብሪት ፍለጋ ስንጣራ
ምን ትለናለች?»

ክብሪት ግን የለም። ሁለታችንም ኪሳችንን ዳበስን፤
ምድጃው በገዛ እጃቸው ርሷል። ተያየን፤ ሳቁ ጨረሰን።
ከአጥሩ ማዶ እትዬ ሰይዳ ክብሪት ወርውረው «ቶሎ በሉ!» አሉ፤
ሃያ ዓመት ጎረቤት ናቸው፤ የኛን ሰዓት ከኛ ያውቃሉ።

ስመለስ ጎዳናው ደብዝዟል። በአይናዲስ መስኮት አለፍኩ፤
አልበራም።
አንደኛው ሻማ ግን ካኖርኩበት ተነስቷል፤
ብርጭቆ ውስጥ፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል።
እሑድ «ስንት ቤት በራ?» ይሉኛል፤
ይሄ ከየትኛው ይቆጠራል?
እንዳልረሳው ልጻፈው ብዬ እስክሪብቶዬን አወጣሁ፤
ለካ ገብታለች።
መልሼ ኪሴ አስገባሁ።