ላጲስ

ጎማ ስነፋ ነው ሰው ልከው ያስጠሩኝ፤
እጄን በነጭ ጋዝ ታጥቤ ስገባ ወንበር ያቀረቡልኝ።
የሆቴል አዳራሽ፣ ረዥም ጠረጴዛ፣
የታሸገ ውሃ፣ መሀሉ ላይ ካርታ ከዳር ዳር የተንዛዛ።
«ጋሽ ገመዳ፣ ይፍረዱን፤ የአምስት ቀን ግልቢያ ነው፣
ኢንጂነር ኦብሳ ነው በኮምፒውተር የሣለው።»

አየሁት። ውብ ነበር።
እያንዳንዱ ሽቅብ በሜትር ተሰፍሮ፣
የኢተያ አቀበት እንደ መጋዝ ጥርስ በጎኑ ተሰድሮ።
አንደኛው ቀን አሰላ፤ ዳገቱ ጫፍ ላይ ማብቂያ፤
ሁለተኛው ወንጂ፣ ስድስቴ ደርሶ መልስ፣ በእርሳስ «ቀላል፣ ማገገሚያ»፤
ሦስተኛው ሶደሬ፣ ብቻ ለብቻ፣ ከሰዓት ጋር፤
አራተኛው ሞጆ፤ አምስተኛው ዙረት፣ አዳማን ዳር ዳር።

ዝም አልኩ። ዝም ያለ ሰው የተስማማ ይመስላቸዋል።
«ልጄ፣» አልኩት ኋላ፣ «ሙግት ሳይሰማ ፍርድ ይነገራል?
በመጀመሪያው ቀን አሰላ ካወጣሃቸው፣
ዳገት ላይ ያደገው ቀድሞ ይገባል፣ በሩን ዘግቶባቸው፤
የቀረው አራት ቀን ለቅሶ መድረስ እንጂ ውድድር አይደለም፤
ላለቀ ነገር ገላጋይም የለም፣ ተመልካችም የለም።»

«ተራራው ነው ዳኛ፣» አለኝ፣ «እግር አይዋሽም።»
«ልክ ነህ። ዳኛ ግን ችሎት በከፈተ በሰዓቱ መዝገብ አይዘጋም።»

ከዚያ ጣቴን ወንጂ ላይ አሳረፍኩ፣ «ቀላል» ከሚለው ቃል ላይ።
«ይሄንን ማን ጻፈው?»
«እኔ። ከፍታ የለውም። ጠረጴዛ ነው።»
«ነፋሱስ?»
«ነፋስ ካርታ ላይ አይሣልም።»

በመስኮቱ በኩል ነጫጭ ምሰሶዎች ክንፋቸውን ያማታሉ።
«ያንን ሁሉ ብረት አጓጉዞ ኮረብታ ላይ ያቆመው
ነፋሱን የሚያውቅ ሰው ነው፤ አንተ ነህ ያላየኸው።»

ያልነገርኩት ነገር፦
ነፋስ ከግራ ሲመጣ ጋላቢ ሁሉ ሰያፍ ይሰለፋል፤
አንዱ ባንዱ ጀርባ ይጠለላል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ አንድ ሰው ይተርፋል።
የተረፍኩት እኔ ነበርኩ። ለአለቃዬ ስድስት ኮዳ ሸሚዜ ውስጥ ወትፌ፣
ጠጠሩ ላይ፣ አስፋልቱ አልቆብኝ፣ ከሰው ጀርባ ተገፍፌ።
ሸንኮራው ሲያፏጭ፣ የሠላሳ ሰው ጀርባ ሲርቅ፣ ሲርቅ፤
ከዚያ ያ ጉድጓድ፣ ከቦዩ ድልድይ አልፎ፣ መታጠፊያው ላይ፤
ኮዳዎቹ በየፊናቸው፣ እኔ በጀርባዬ፣ ዓይኔ ወደ ሰማይ።

አልተከራከርኩም። ከሱቄ አንድ አሮጌ ብስክሌት አወጣሁ፣
ካቴናውን ዘይት ቀብቼ፣ ኮርቻውን በቁመቱ ልክ አድርጌ ሰጠሁ።
«ነገ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ተነስ፤ ወንጂ ደርሰህ ና።
ካርታህንም ያዘው፤ ከነፋስ ይከልልሃልና።»

ስድስት ሰዓት አልፎ መጣ፣ ብስክሌቱን እየገፋ፣
ከንፈሩ ነጭ፣ ዓይኑ ቀይ፣ ጭንቅላቱ አቧራ፣ ድምፁ የጠፋ።
ውሃ ሰጠሁት። ጠጣ። ደገመ። ምንም አላለኝም፤
እኔም «እንዴት ነበር?» ብዬ አልጠየቅሁትም።

ከልጅ ልጄ ደብተር መሀል ላጲስ ተበደረና
«ቀላል»ን ፈተገው፣ ወረቀቱ ሊቀደድ እስኪደርስ፣ ደጋገመና።
ሶደሬን ወደ ፊት አመጣ፤ ሞጆን ሁለተኛ፤
አሰላን ሦስተኛ አደረገው፤ ወንጂን አራተኛ።
«አምስተኛውስ?» አልኩት። «ባጃጆቹ ይታገዱ።»
«ማን ያግዳቸው?» ሳቅን። ከደጅ ጥሩምባ እየነፉ ሲሄዱ።

ጥሩ መንገድ፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ማንንም አይንቅም፤
ዳገተኛውን፣ ፈጣኑን፣ ውሃ ተሸካሚውን «አንተስ?» ሳይል አያልፍም፤
በመጨረሻው ጠዋት ጫማውን የሚያስረው ሁሉ
ልቡ በጥርጣሬ ይምታ፤ አንዱም አይተኛ ሌሊቱን ሙሉ።

ቃለ ጉባኤው መጣ፤ ሦስት ፊርማ፣ አንድ ማኅተም።
ከፊርማዬ በላይ፣ ሳልጠየቅ፣ አንድ መስመር ጨመርኩኝ፦
«ከቦዩ ድልድይ አልፎ፣ መታጠፊያው ላይ፣ በስተቀኝ፣
ጉድጓዱ ይደፈን።»