ወለድ በዓመት ስንቴ ይወልዳል?

ትሪየስቴ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ቦራ የሚሉት ነፋስ መስኮት ሲያንገላታ ከላይ፣
አለቃችን በጎን ክፍል ምሳ በልቶ ሲተኛ፣
ሁለት ነበርን የነቃን፣ ሁለት ደመወዝተኛ፤
እኔ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ቀለም ስሞላ፣
ሽማግሌው ኮሱታ ሲደምር፣ ሲያሰላ።

ገባች ኒቬስ ፉርላን፣ ጥቁር ሻሿን ፈትታ፣
ከጉያዋ አንዲት ወረቀት አውጥታ።

«ባሌ በመርከብ ሆድ ከሰል ሲማግድ ኖረ፣
ቦምቤይ ሳይደርስ ሞተ፣ ይህ ወረቀት ቀረ።
ኩባንያው ይላል፦ አሥር ዓመት ቆይተሽ
አንድ ሺህ ክሮን ትቀበያለሽ።
የቤት ኪራይ ግን አሥር ዓመት አይጠብቅም፤
ዛሬ ስንት ያወጣል? ሌላ አልጠይቅም።»

ኮሱታ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣
«አሥር በመቶ ነው» አላት ድምፁን ቀንሶ።

«እሱንማ ሦስት ቤት ሰማሁ ዛሬ ጧት፤
አፋቸው አንድ ነው፣ ገንዘባቸው ሦስት።»

ሳቀ ኮሱታ፣ ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ፤
«ስንቴ እንደሚወልድ ግን ማን ጠየቀ?
ወለድ ያሉት መውለድ ስለማይሰለች ነው፤
ስሙን ሁሉ ሰማው፣ ምጡን ግን ማን ያየው?
በዓመት አንዴ ቢወልድ፣ ዘሩ ዝግ ይላል፤
ሺህ ላይ ለመድረስ ብዙ ዘር ይሻል፤
ሦስት መቶ ሰማንያ አምስት ዛሬ ይዘራል።
በየወሩ ቢወልድ፣ ልጁም የልጅ ልጁም፣
ቶሎ ስለሚበዛ ብዙ ዘር አይሻም፤
ሦስት መቶ ስልሳ ዘጠኝ፣ ከዚያ ብዙ አያልፍም።
እና ያ ችኩሉ፣ ቶሎ ቶሎ የሚወልደው፣
እመቤቴ፣ ያንቺን ዋጋ ነው የሚያወርደው።»

ዝም አለች። ነፋሱ በሩን ደበደበ።
ጣቷ ጠረጴዛው ላይ አንድ ነገር አሰበ።

«በየቀኑስ ቢወልድ? በማማው ደወልስ?
በየትንፋሹስ? እንዲህ እንዲህ ሲል፣ ባዶ እስኪሆን ድረስ
ወረቀቴን ይበላዋል?»

መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። አልቸኮለም።
በየሳምንቱ፣ ስልሳ ስምንት። በየቀኑ፣ ስልሳ ሰባት።
ቁጥሮቹ ሲወርዱ አየኋቸው፤
እየጠበበ ሄደ ደረጃቸው፣
ከሦስት መቶ ስልሳ ሰባት ክሮን ከሰማንያ ስምንት ሄለር ላይ
ቆመ።
«ከዚህ በታች» አላት «እርከን የለም።
ሰከንድን ብትሰነጥቂ፣ ስንጥሩንም ብትፈልጪ፣
ይህቺን ወለል አትሰብሪም።»

«እንግዲያ እንደ እሱ ነው» አለች፣ ለእኛ ሳይሆን።
«መጀመሪያ በዓመት ነበር የምቆጥረው፣
ኋላ በወር፣ ኋላ በደወል፤
ባበዛሁ ቁጥር ፊቱ አነሰብኝ፣ ሄደ ሄደና
ፍም የነካው ግራ ጆሮው ላይ ሲደርስ
እምቢ አለ፣ አልጠፋም።»

የኛ ቤት በየወሩ ነበር የሚያስበው።
ሽማግሌው ይህን ያውቃል፤ እንጀራው ነው።
የጎን ክፍሉን በር ቀስ አድርጎ ዘጋው፣
በእርሳሱ ጫፍ በመስኮቱ ማዶውን አሳያት፤
«እዚያ ሂጂ፣ ቦዩን ተሻገሪው፤
ሰነፍ ሰው ነው፣ በዓመት አንዴ ነው የሚያስወልደው።»

ወጣች። ደረጃውን ስትወርድ ቆጠርኩላት።
አሥራ ስድስት ክሮን ነው ያተረፈላት፤
የአንድ ክረምት ከሰል፣ ለምድጃ የሚበቃ።
እኔም ቀለም ሞላሁ። አለቃችን ነቃ።